በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የፈረምኩት ርክክብ

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ የጥምቀት በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሦስት የመስኖ ባለሙያዎች መኪና ተከራይቼ ከባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ እንዳስገባቸው ታዝዤ ነበር። በወቅቱ የምሠራው በአንድ የልማት ፕሮጀክት ውስጥ የትራንስፖርትና የንብረት ኃላፊ ሆኜ ሲሆን፣ እንግዶቹ በማግስቱ መራዊ ሄደው 7,000 ሄክታር መሬት እንዲያለማ የተሠራውን የቆጋ መስኖ ለማየት ቀጠሮ ይዘው ነበር። የፕሮጀክቱ መኪና ከነሹፌሩ ደብረ ማርቆስ ላይ ተበላሽቶ ቆሟል።

በእኛ አካባቢ መኪና መከራየት ማለት አብዛኛውን ጊዜ መኪናውን ከነሹፌሩ መከራየት ነው። ባለመኪናው ንብረቱን ለማያውቀው ሰው አሳልፎ መስጠት አይወድም፤ ተከራዩም መንገዱንና መኪናውን የሚያውቅ ሰው ቢነዳለት ይመርጣል። የጥምቀት ሰሞን ግን መኪናውም ሹፌሩም ወደ ጎንደር ይወጣና ባሕር ዳር ባዶዋን ትቀራለች። ሁለት ቀን ሙሉ ስደውል ሰንብቼ በመጨረሻ የተገኘው አንድ ቶዮታ ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነበር፤ እሱም ሹፌር የለውም። መንጃ ፈቃድ ስላለኝ ራሴ እንደምነዳው ተናግሬ ማስያዣ ከፈልኩ። መኪናውንም በረራው በሚደርስበት ሰዓት አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ እንዲያመጡልኝ ተስማማን።

ስህተቴ የጀመረው ከዚህ ቀጠሮ ላይ ነው። ከበረራው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይምጣልኝ ማለት ሲገባኝ፣ መኪናውና እንግዶቹ በተመሳሳይ ሰዓት እንዲደርሱ አደረግኩ።

በደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ የመኪና ማቆሚያ ቆሜ ስጠብቅ አውሮፕላኑ አረፈ፤ መኪናው ግን ገና አልመጣም። እንግዶቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ብቅ ሲሉ ሃይሉክሱም በሩ ላይ ደረሰ። ያመጣው ልጅ ቁልፉን በአንድ እጁ፣ የርክክብ ቅጹን በሌላው እጁ ይዞ ወረደና፣ «ጋሼ፣ እዚህች ላይ ይፈርሙልኝ፤ ሌላ ቦታም መኪና የማደርስ ነኝ» አለኝ። በቅጹ ግርጌ ላይ «ከላይ የተዘረዘሩት ዕቃዎች ተሟልተው፣ ተሽከርካሪውን ያለምንም ጉዳት ተረክቤያለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ከላይ ደግሞ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻ፣ ስኮርታ (መጠባበቂያ) ጎማ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የመጀመሪያ ሕክምና መስጫ ሣጥን ተብሎ ተዘርዝሮ በእያንዳንዱ ፊት ለፊት አስቀድሞ የራይት ምልክት ተደርጎበታል። ምልክቱን ያደረገው እኔን ሳይጠብቅ መሆኑን አይቻለሁ። ነገር ግን ከእንግዶቹ መካከል በዕድሜ የገፉት ዶክተር ፀሐይ ላይ ቆመው ስለነበር እሳቸውን ማስጠበቅ ነውር መሰለኝና ፈረምኩ። ለእንግዳ ክብር ብዬ ነው፤ ያ ክብር ግን ሥራዬን ከመሥራት የሚያግደኝ አልነበረም።

ከአውሮፕላን ማረፊያው ወጥተን ብዙም ሳንርቅ መሪው ወደ ግራ ይጎትተኝ ጀመር። ዳር ይዤ ብወርድ የፊት ግራ ጎማ ተኝቷል። እንግዶቹን አወረድኩና ከኋላ ወንበር ሥር ክሪኩን ብፈልግ አገኘሁት፤ የጎማ መፍቻውም አለ። ስኮርታውም በካሶኒው (ከኋላ ባለው የጭነት ሣጥን) ሥር ተሰቅሎ ይታያል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ሃይሉክስ ነድቶ የማያውቅ ሰው እንዲረዳው እዚህ ላይ ጥቂት ልዘርዝር። የዚህ መኪና ስኮርታ ጎማ በካሶኒው ሥር በሰንሰለት ታስሮ የተንጠለጠለ ነው። የሚወርደው በእጅ ተጎትቶ ሳይሆን፣ ከኋላ ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) በላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ረጅም ብረት ተሰዶ፣ ያ ብረት ውስጥ ካለው መዘውር ጋር ገጥሞ ሲዞር ሰንሰለቱ እየላላ ነው። ብረቱ ከሌለ ጎማው ዓይንህ እያየው አይወርድም። የእኛ ብረት ጠፍቷል፤ በቅጹም ላይ ብረቱ ለብቻው አልተጻፈም።

አንድ የሚኒባስ ሹፌር አጠገባችን አቁሞ፣ «ወንድም ዓለም፣ ምን ጎደላችሁ? ክሪክ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክሪክ እንዳለንና የጎደለን የስኮርታ ማውረጃው ብረት መሆኑን ስነግረው እሱ ጋር እንደማይገኝ ተናግሮ፣ ከመሄዱ በፊት ግን ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አስደገፈልን። ባጃጆች እየቆሙ ጠየቁን፤ ሊረዱን ቢወዱም በእጃቸው የለም። አንድ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ የእህል ጆንያ የጫነ ሌላ ሃይሉክስ መጣና ሹፌሩ ብረቱን አበደረን። ዶክተሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ብረቱን ራሳቸው ይዘው ሲያዞሩ አጠገባቸው ቆሜ የተሰማኝን ኀፍረት ዛሬም አልረሳውም። የወረደው ስኮርታ ጥርሱ ያለቀ፣ ነፋሱም የጎደለ ነበር። በእሱ እየተንፏቀቅን እስከ መጀመሪያው ጎሚስታ ደረስን፤ ከዚያ በኋላ በዘንባባው ጥላ ሥር አልፈን ሐይቁ ዳር ወዳለው ሆቴል ስንገባ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ለማግስቱ ጉዞ የመኪናውን ሰነድ ላዘጋጅ ብዬ የዕቃ ማስቀመጫውን ስከፍት ሌላ ጉዳይ ገጠመኝ። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) የግለሰብ ነው፤ ሰሌዳውንም ጠዋት ልብ ሳልለው ቀርቼ ኖሮ ኮድ 2፣ ማለትም የግል መኪና ነበር። ለኪራይ ሥራ የሚውል መኪና በዚያን ጊዜ ኮድ 3 መሆን እንደነበረበት አውቃለሁ። ለመድን ሠራተኛ ጓደኛዬ ደወልኩና ያስረዳኝን ይኸው እጽፋለሁ፤ ብዙ ሰው ሁለቱን የመድን ዓይነቶች ስለሚያምታታ ሊጠቅም ይችላል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ተሽከርካሪ ያለ ሦስተኛ ወገን መድን መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል፤ ይህ ሽፋን ግን መኪናው ለሚጎዳው ሰውና ለሌላ ሰው ንብረት እንጂ ለራሱ ለመኪናው አይደለም። ለመኪናው የሚሆነው በባለንብረቱ ፈቃድ የሚገባ ሙሉ ዋስትና ነው፤ እሱም ለግል አገልግሎት ተብሎ ተገብቶ መኪናው በኪራይ ላይ እያለ ጉዳት ቢደርስ የመድን ድርጅቱ አልከፍልም ለማለት ምክንያት ያገኛል። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሦስት ሰው አሳፍሬ መራዊ ድረስ በዚያ መኪና መሄድ ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም። አመሻሽ ላይ ከሌላ አከራይ ሹፌር ያለው ኮድ 3 መኪና አገኘሁና ሃይሉክሱን መለስኩ።

ሲረከቡኝ ያው ልጅ ወደ ኋላ ዞረና የግራውን ፓራውልት ጠርዝ በጣቱ ነካ። መዳፍ የምታህል ስርጉደት አለች፤ በስርጉደቷ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ተጋግሯል። ጥር ወር ነው፣ ባሕር ዳርና አካባቢው ላይ ዝናብ አልጣለም፤ የነዳሁትም በአስፋልት ብቻ ነው። ጭቃው የእኔ ሊሆን እንደማይችል አስረዳሁ። አለቃው በትሕትና አድምጦኝ ሲያበቃ ቅጹን ገልብጦ ፊርማዬን አሳየኝ፤ «ወንድሜ፣ እርስዎ ያለምንም ጉዳት ተረክቤያለሁ ብለዋል» አለኝ። በዚህ ሰው መፍረድ አልቻልኩም። ስለ ሰሌዳው የምከራከረው ነበረኝ፤ ስለ ፓራውልቱ ግን በእጄ ማስረጃ አልነበረም። የባትላሜራው (የስርጉደቷ ማቅኛ) ዋጋ ተብሎ ከማስያዣው ላይ 6,000 ብር ተቀነሰ። የፕሮጀክቱ ፋይናንስ ክፍል ወጪውን ለመመዝገብ በምን ምክንያት እንደሆነ በጽሑፍ እንዳስረዳ ጠየቀኝ፤ ምክንያቱን ሳልሸፋፍን ጻፍኩና ገንዘቡን ከደመወዜ እንዲቆርጡ አመለከትኩ። ግማሹን ቆረጡ።

ከዚያ ወዲህ መኪና የምረከበው አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ከመነሣቱ በፊት ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚወስድ ያ ጊዜ ለእኔ ይበቃኛል። በስልኬ ከሰሌዳው ጀምሬ በመኪናው ዙሪያ ሳላቋርጥ እየዞርኩ ቪዲዮ እቀርጻለሁ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጁንና የኪሎ ሜትሩን ንባብ እጨምራለሁ። ሊብሬውን፣ ቦሎውንና የመድን ወረቀቱን አንብቤ ቀኑን አያለሁ። ከሁሉ የሚያለፋኝ ስኮርታው ነው፤ ተሰቅሎ ማየት ስለማይበቃኝ አስወርጄ በእጄ እነካዋለሁ። ልጆቹ ይሰላቻሉ፤ አንዳንዱም ያልታመነ ይመስለዋል። ቅር እንዳይለው ሃይሉክሱ የቆመበትን ቦታና ያበደረንን ሹፌር እነግረዋለሁ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ዶክተሩ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ የበረራው ሰዓት ቀድሞ ኖሮ ርክክቡን ሳልጨርስ ደረሱብኝ። መሬት ላይ ተንበርክኬ የስኮርታውን ሰንሰለት እያላላሁ ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ልነሣ ስል፣ «ተው፣ ጨርስ» አሉኝና ሻንጣቸውን አጠገቤ አስቀምጠው ቆሙ። ጎማውን ስጫነው ነፋሱ ጎድሏል። ልጁ አስሞልቶት እስኪመለስ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን፤ ከዚያ ፈረምኩ።