ከፍልሰታ ፍቺ እስከ እንቁጣጣሽ፣ ልጆቻችንን ይዘን ቀርጤስ

ልጆች ይዞ ለመጓዝ ሲታሰብ ከአገሩ በፊት ጊዜው መመረጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። አቴንስ የምትኖረው ታናሽ እህቴ «እታለም፣ ልጆቹን ይዘሽ ነይ፤ ባሕር ሳያዩ አይደጉ» እያለች ስትወተውተኝ ቆይታ የቤቱን ኪራይ እኔ እችላለሁ ባለች ጊዜ፣ መጀመሪያ ያየሁት የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ክረምት ነው። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ተከናንቦ ይውላል፤ ልጆቹም ሹራብ ላይ ሹራብ ደርበው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ። የግሪኳ ደሴት ቀርጤስ ግን በዚያው ሰሞን በፀሐይ ትነዳለች፤ አውሮፓዊው ሁሉ ይጎርፍባታል፤ የቤት ኪራይም ሰማይ ይወጣል። ግሪኮች የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩት እነርሱ ኦገስት 15 በሚሉት ቀን፣ በእኛ ነሐሴ 9 ነው። ለበዓሉ አገሬው ራሱ ወደ ደሴቶቹ ስለሚነቃነቅ መርከቡ ጢም ይላል። እኛ ፍልሰታን የምንፈታው ነሐሴ 16 ነው። ስለዚህ ጾሙን እዚሁ ጾመን፣ ፈትተን፣ ከነሐሴ 17 በኋላ ለመነሳትና ለእንቁጣጣሽ ቤታችን ለመግባት ቆርጠናል። ያኔ ባሕሩ የእነርሱን በጋ ሁሉ ሲሞቅ ከርሞ ለብ ይላል፤ ሕዝቡ መቀነስ ይጀምራል፤ ከሰሜን የሚነፍሰውና ሜልቴሚ የሚሉት ኃይለኛ ነፋስም እየረገበ ይሄዳል።

ደሴቱን መምረጥ ከእህቴ ጋር ብዙ አከራክሮናል። እርሷ ሳንቶሪኒን ጨምሮ ሦስት አራት ደሴት በመርከብ እየተዘዋወርን እንድናይ ነበር ሐሳቧ። እኔ አልተስማማሁም። ሳንቶሪኒ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራ፣ ደረጃው የበዛ አገር ነው፤ ለሙሽሮች ይሁን። የአምስት ዓመት ልጅ በየሁለት ቀኑ ሻንጣው ሲታሰርና ሲፈታ፣ አልጋው ሲለዋወጥበት ያኮርፋል፤ እርሱ ካኮረፈ ደግሞ የሁላችንም ቀን ይበላሻል። አንድ ደሴት፣ አንድ ቤት፣ አንድ የምንለምደው ዳቦ ቤት ይበቃናል። ቀርጤስ ብቻዋን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ እርሷንም ቢሆን በአንድ ጉዞ አንጨርሳትም። ምዕራቡን፣ ሃኒያ የተባለችውን የወደብ ከተማ ይዘን እንቀመጣለን።

የጂኦግራፊ መምህርት ስለሆንኩ ካርታ ሳልዘረጋ አልነሳም። ትልቋ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ የደሴቱን ከፍተኛ ተራራ ፈልጋ አገኘችው፤ ፕሲሎሪቲስ ይባላል፤ 2,456 ሜትር። ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። «እማዬ፣ ይኼ እኮ የእኛ ሰፈር ነው!» አለች። እውነቷን ነው፤ እነርሱ በክረምታቸው በረዶ የሚያዩበት ጫፍ እኛ ቡና ከምናፈላበት ደጃፍ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው። ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። የደጋ ልጅ ከዚህ ከፍታ ወርዶ ባሕር ወለል ላይ ሲያርፍ ሙቀቱ ያዝለዋል። ስለዚህ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ከቤት እንዳይወጡ አድርጌ ነው ቀኑን የሸነሸንኩት፤ አገሬውም ከምሳ በኋላ ጸጥ ብሎ ያርፋል። በእነርሱ በጋ የግሪክ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ስለሆነ የልጆቹ እንቅልፍ አይዛባም። ፀሐይዋ ግን በነሐሴ መጨረሻ እስከ ማታ 2 ሰዓት ገደማ አትጠልቅም፤ ከመኝታ በፊት ረጅም አመሻሽ አለን ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። ልጆቻችን ሐይቅ ከተማ ስንወርድ እግራቸውን ከመንከር ያለፈ ውኃ አያውቁም፤ የሐይቅ ውኃም ከዳሩ ብዙ ሳይርቅ ስለሚጠልቅ ከዚያ በላይ ፈቅጄላቸው አላውቅም። ኤላፎኒሲን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ከሃኒያ ወደ 75 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በደሴቱ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ያለ የባሕር ዳርቻ ነው። በዋናው ምድርና በትንሿ ደሴት መካከል ያለው ውኃ ጥልቀት ስለሌለው ትልልቆቹ ተራምደው ይሻገሩታል። አሸዋው ላይ ከተፈጨ ዛጎል የመጣ ሮዝ መልክ ይታያል። መካከለኛው ልጄ በጠርሙስ ይዞ ሊመጣ አስቦ ነበር፤ ቦታው የተጠበቀ ስለሆነ አሸዋ መውሰድ ክልክል መሆኑን አስረድቼው፣ ፎቶግራፍ ለማንሳት ተስማምተናል። መንገዱ በተራራ የሚጠማዘዝ ነው ይላሉ፤ የደሴና የኮምቦልቻን ቁልቁለት ለለመደ ሆድ ግን አያስፈራም። ቀይ ባንዲራ በተሰቀለበት ዳርቻ ማንም እግሩን እንደማያስገባ ከአሁኑ ለሦስቱም ነግሬአለሁ፤ ትልቋም በመዋኛ ገንዳ ትምህርት ጀምራለች።

ምግቡን አማቴ ናቸው ደጋግመው የሚጠይቁኝ። ባለቤቴ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወሎ ላይ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ገበታችንን ማቻቻል ከልጅነታችን የለመድነው ነው። ግሪክ አገር ሶቭላኪ የሚሉት በእንጨት ተሰክቶ የሚጠበስ ሥጋ አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነውና ሳይጠይቁ ማዘዝ አይገባም። ደስ ያለኝ ግን ግሪኮችም እንደ እኛ ረቡዕና ዓርብን የሚጾሙ ኦርቶዶክሶች በመሆናቸው፣ ኒስቲሲማ የሚባል የጾም ምግብ ሞልቷል፦ ምስር፣ ሽምብራ፣ በወይራ ዘይት የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል። ይህ ለእርሱም ለእኔም ይሆናል። ብቻ እነርሱ በጾም ሽሪምፕና ስኩዊድ የሚባሉ የባሕር እንስሳት ስለሚበሉ ይህንንም መጠየቅ ያሻል። ዳኮስ የሚባለው የቀርጤስ ምግብ ደግሞ ከገብስ ደረቅ ዳቦ ይሠራል፤ በውኃ ረጠብ ተደርጎ ቲማቲም ይፈገፈግበታል፣ ወይራ ዘይት ይፈስበታል፣ አይብ ይደረግበታል። አማቴ ይህን ሲሰሙ «ገብስ ካለማ አይራቡም» ብለው ዱዓ አደረጉልን።

ወረቀቱን በአጭሩ ልበል። ግሪክን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ለሚሰጡት የሸንገን ቪዛ ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ ከ15 ቀን በታች ሲቀር ግን አይሆንም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከ6 ዓመት እስከ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ፤ ከ6 ዓመት በታች ላለው አይከፈልም። የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ከወሳኝ ኩነት አውጥተን አስተርጉመናል። ቤቱንም እህቴ የያዘችው ቪዛው ባይሰጠን ያለ ቅጣት ሊሰረዝ በሚችል ውል ነው፤ ይህን አጥብቄ ነው የጠየቅኋት።

ለትልቋ ልጄ አንድ ቀን የብቻዋ አለ። በደሴቱ ባለችው የኢራክሊዮን ከተማ ሙዚየም ውስጥ የፋይስቶስ ዲስክ የሚባል፣ ምልክቶቹ በክብ የሚዞሩ የሸክላ ሰሌዳ አለ፤ እስከ ዛሬ በትክክል ያነበበው የለም። እርሷ ምልክቶቹን ከወዲሁ ደብተሯ ላይ እየገለበጠች ነው። በዚያው ዕለት ክኖሶስን፣ እንግሊዛዊው የጥንት ቅርስ ተመራማሪ አርተር ኢቫንስ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1900 ጀምሮ ያስቆፈረውን ቤተ መንግሥት፣ በማለዳው እናያለን፤ ጥላ የሌለበት ፍርስራሽ ላይ በቀትር ልጅ ማቆም ግፍ ነው። ሁለቱ ወንዶች ከአባታቸው ጋር ሃኒያ ወደብ ላይ መዋል ከፈለጉ ይዋሉ፤ አላስገድዳቸውም።

አሁን የቀረን ከአቴንስ ወደ ደሴቱ መሻገሪያው ነው። አውሮፕላኑ አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ ከፒሬየስ ወደብ የሚነሳው የሌሊት መርከብ ግን ጎሕ ሲቀድ ነው የሚደርሰው። ባለቤቴ አውሮፕላን ይላል። እኔና ልጆቹ ለመርከቡ ድምፅ ሰጥተናል፤ እህቴም አልጋ ያለው ክፍል ልትጠይቅልን ነው።