ታንኩ ከመመጠጡ በፊት ይታይ

ሴፕቲክ ታንክ፣ ማለትም የቤቱን ፍሳሽ የሚቀበል በግቢው ውስጥ የተቀበረ ጋን፣ ያለው ቤት የሚሸጥ ሰው ለገዢው «ለእናንተ ብለን ታንኩን አስመጥጠነዋል» ሲለው ውለታ የዋለለት ይመስላል። በቅን ልቦና የሚያደርጉት ብዙዎች ናቸው፤ ግድግዳውን ቀብተው፣ ምንጣፉን አሳጥበው እንደሚያስረክቡት ሁሉ ታንኩንም ባዶ አድርጎ ማስረከብን እንደ ጨዋነት ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ ለፍተሻ የሚመጣው ባለሙያ ስለ ሥርዓቱ ጤንነት ሊያውቅ የሚችለው አብዛኛው ነገር በታንኩ ውስጥ ባለው ፈሳሽ ከፍታና በዝቃጩ ውፍረት ላይ የሚነበብ ስለሆነ፣ ታንኩ አስቀድሞ ሲመጠጥ ማስረጃው በፍሳሽ መኪናው ተጭኖ ይሄዳል።

በሰሜን ቨርጂኒያ ከማውቃቸው ወገኖች መካከል ከአሌክሳንድሪያና ከስፕሪንግፊልድ አፓርታማዎችና ታውንሐውሶች ወጥተው፣ ሰፋ ያለ ግቢ ፍለጋ ወደ ስታፎርድ፣ ወደ ፎኪየርና ወደ ፕሪንስ ዊልያም ገጠራማ ክፍሎች የተሻገሩ ጥቂት አይደሉም። እኛም ከዓመታት በፊት በዚሁ መንገድ ስታፎርድ ካውንቲ ውስጥ ቤት ገዛን። ከተማ ውስጥ ፍሳሽ የመንግሥት ጉዳይ ነው፤ ከቤት ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ የሚያስብ የለም። ከከተማ ወጣ ሲሉ ግን ማጣሪያ ጣቢያው በራስ ግቢ ውስጥ፣ ከሣሩ ሥር የተቀበረ ሲሆን፣ ባለቤቱም፣ ጠባቂውም፣ ሲበላሽ ከፋዩም የቤቱ ባለቤት ነው።

ችግሩ ብዙዎቻችን ስለ ፍሳሽ ጉድጓድ ያለን ግንዛቤ ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው መሆኑ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጉድጓድ ሲሞላ ፍሳሽ መኪና ይጠራል፣ ይመጠጣል፣ እስከሚቀጥለው ጊዜ ድረስም ይረሳል። በትክክል የተሠራ ሴፕቲክ ታንክ ግን አገልግሎት ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሁልጊዜ እስከ መውጫ ቱቦው ድረስ ሙሉ ነው፤ መሙላቱ የሥራው ባሕርይ እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም። ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ ወደ ታንኩ ሲገባ ከባዱ ነገር ወደ ታች ወርዶ ዝቃጭ ይሆናል፣ ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፣ በመካከል ያለው በአንጻራዊነት የጠራው ፈሳሽ ደግሞ አዲስ ውሃ በገባ ቁጥር በመውጫው በኩል ወደ ማስረጊያው ሜዳ ይሄዳል። እዚህ አገር ድሬንፊልድ የሚባለው ይህ ሜዳ በጠጠር መካከል የተዘረጉ የተበሳሱ ቱቦዎች ያሉበት ሲሆን፣ ፈሳሹ በአፈሩ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሰርግ በአፈሩ የሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ያጣሩታል። ታንኩ ርካሹ ክፍል ነው፤ ውዱ ሜዳው ነው። ታንኩን በየጊዜው የምናስመጥጠውም ዝቃጩና ቅባቱ አልፈው ሜዳውን እንዳይደፍኑት ነው።

እንግዲህ የፈሳሹ ከፍታ የሚናገረው ይህንን ነው። ውሃው ከመውጫ ቱቦው ግርጌ ጋር እኩል ከሆነ ነገሩ በወጉ ነው። ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ በቅርቡ ያልተመጠጠ ከሆነ፣ ታንኩ የሆነ ቦታ ያንጠባጥባል። ከመውጫው በላይ ከወጣ ደግሞ ወይ ቱቦው ተደፍኗል፣ ወይ ሜዳው መቀበል አቁሟል። ውሃው ዛሬ በቦታው ቢሆን እንኳ ከመውጫው ከፍ ብሎ በታንኩ ግድግዳ ላይ የቀረ ጥቁር መስመር ካለ፣ ባለፈው የዝናብ ወቅት ወይም ባለፈው ትልቅ ግብዣ ላይ ምን እንደተፈጠረ ይመሰክራል። ባዶ በሆነ ታንክ ላይ ከፍታውን ማንበብ የማይታሰብ ነው፤ ባለሙያውም ሐቀኛ ከሆነ ይህንኑ በሪፖርቱ ላይ ጽፎ ከመሄድ በቀር ብዙ ምርጫ የለውም።

በእኛ ግዢ ወቅት የሻጩ ወገን ፍሳሽ መኪናውን አስቀድሞ ቀጥሮት ነበር። የእኛ ኤጀንት ሁለት ነገር እንድታስደርግልን ጠየቅናት፤ አንደኛው መኪናው ከፍተሻው በኋላ በዚያው ቀን እንዲመጣ፣ ሁለተኛው የሴፕቲክ ፍተሻው በግዢ ውሉ ላይ ራሱን የቻለ ቅድመ ሁኔታ ሆኖ እንዲገባ። ሁለተኛው የሚያስፈልገው አጠቃላዩን የቤት ፍተሻ የሚያደርገው ሰው ጣራውን፣ መብራቱንና ማሞቂያውን አይቶ፣ ስለ ሴፕቲክ ሲሆን «አልተመረመረም» የሚል አንድ መስመር ጽፎ የሚያልፍ በመሆኑ ነው። ሽንት ቤቱን ለቅቆ ውሃው መውረዱን ማየት የሴፕቲክ ፍተሻ አይደለም። ቨርጂኒያ ደግሞ «ገዢ ይጠንቀቅ» የሚለው መርህ የጸናበት ግዛት ነው፤ ሻጩ በሚፈርመው መግለጫ ላይ ስለ ሴፕቲኩ ሁኔታ ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም፣ ማጣራቱ የገዢው ፋንታ ነው።

የመጡት ባለሙያ በዕድሜ ጠና ያሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሰው ነበሩ። ወደ ግቢው ከመምጣታቸው በፊት የካውንቲውን ጤና ጥበቃ መዝገብ አስወጥተው የሥርዓቱን ፈቃድና ንድፍ በእጃቸው ይዘው ነበር። ይህ ወረቀት ታንኩና ሜዳው የት እንደተቀበሩ ከማሳየቱም በላይ፣ ሥርዓቱ ለስንት መኝታ ክፍል እንደተፈቀደ ይናገራል። በቨርጂኒያ የሚሰላው በሰው ብዛት ሳይሆን በመኝታ ክፍል ሲሆን፣ ለአንድ መኝታ በቀን 150 ጋሎን ይያዛል፤ ስለዚህ 3 መኝታ ተብሎ የተፈቀደ ሥርዓት የተነደፈው በቀን 450 ጋሎን እንዲችል ነው። ቤዝመንቱ ተከፋፍሎ በማስታወቂያ ላይ 5 መኝታ የተባለ ቤት ቢሆን እንኳ የተቀበረው ነገር አብሮ አላደገም። ቤዝመንት አከራይቶ ወርሐዊ ክፍያውን ለማቅለል የሚያስብ ሰው፣ ከቤቱ ዋጋ በፊት ይህን ወረቀት ቢያይ ይሻለዋል።

ክዳኖቹን ቆፍረው ካወጡ በኋላ ባለሙያው ለረጅም ጊዜ የቆዩት በመውጫው በኩል ነበር። ዝቃጩን የልኬት ምልክት ባለው ረጅም ዘንግ ለኩት። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሚሰጠው መመሪያ መሠረት የዝቃጩ አናት ወደ መውጫው 12 ኢንች ያህል ከቀረበ፣ ወይም የቅባቱ ግርጌ እስከ 6 ኢንች ከተጠጋ ታንኩ መመጠጥ አለበት። የእኛው ገና አልደረሰም ነበር፤ የፈሳሹም ከፍታ በቦታው ነበር። ጉድለቱ የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። ተንሳፋፊው ቅባት ወደ ሜዳው እንዳያልፍ በመውጫው ላይ የሚቆመው የኮንክሪት መከለያ ከውሃው በላይ ያለው ክፍሉ ተበልቶ፣ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ሆኖ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ከፍሳሹ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ በእርጥቡ ኮንክሪት ላይ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ እንደሚለወጥና በዓመታት ውስጥ ኮንክሪቱን እንደሚበላው አስረዱኝ። ከዚያ ከታንኩ የሚወጣውን ፍሳሽ ለሜዳው ቱቦዎች ወደሚያካፍለው ማከፋፈያ ሳጥን ሄዱ። ሳጥኑ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ስለነበር ከቱቦዎቹ አንዱ የአብዛኛውን ፍሳሽ ሸክም ተሸክሞ፣ ሌሎቹ ደርቀው ተገኙ። ሁለቱም በጊዜ ከተገኙ የሚጠገኑ ናቸው፤ ከክሎዚንጉ፣ ማለትም ከግዢው መጠናቀቂያ፣ በፊትም ሻጩ መከለያውን በፕላስቲክ ቱቦ አስተክተው፣ ሳጥኑን አስተካክለው፣ ባለሙያው ተመልሰው አረጋገጡ።

ቀጥለው በሜዳው ላይ በእግራቸው እየተመላለሱ በቀጭን ብረት አፈሩን ወጉ፣ ከሌላው ይልቅ አረንጓዴ የሆነ ወይም እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስ ቦታ ፈለጉ፣ የዛፎቹን ርቀት አዩ። በመጨረሻም መኪናው ሲመጥጥ ታንኩ አጠገብ ቆመው መውጫ ቱቦውን ይመለከቱ ነበር፤ ታንኩ ሲጎድል ከሜዳው በኩል ውሃ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ሜዳው ተጥለቅልቋል ማለት ነው። የመምጠጡ ጥቅም ለፍተሻው የሚገባው በዚህ ቅደም ተከተል ሲሆን ነው።

ቀለም ጨምሮ ውሃ በመልቀቅ ግቢው ላይ ቀለም መውጣት አለመውጣቱን ብቻ አይቶ «አልፏል» የሚል ርካሽ ፍተሻም አለ። ቀለሙ ከወጣ ችግር እንዳለ ያሳያል፤ ካልወጣ ግን ያረጋገጠው ነገር እምብዛም ነው። ክዳን ሳይከፈት የተጻፈ ሪፖርት ላይ ገንዘብ ማውጣት አይመከርም። ለወራት ሰው ያልኖረበት ቤትም የራሱ ችግር አለው፤ ሜዳው እረፍት አግኝቶ ስለደረቀ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል፣ ቤተሰብ ገብቶ መታጠብና ማጠብ ሲጀምር ግን እውነቱ ይገለጣል። እንዲህ ባለው ቤት ላይ ውሃ በብዛት ለቅቆ ከፍታውን መከታተል ይረዳል፣ ሆኖም የሰው ኑሮን አይተካም። ማንም ሰው በክዳኑ በኩል አንገቱን አስግጎ እንዳይመለከት፣ ወደ ውስጥ ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳይገባ ግን አጥብቄ እላለሁ። ጋዙ በጥቂት እስትንፋስ ራስን ያስታል፤ ሊያወጣ የገባው ሰው ደግሞ ሁለተኛ ሟች ይሆናል።

ባለሙያው ስለ ኑሯችን የጠየቁን ጥያቄዎች ከምርመራው ባልተናነሰ ጠቃሚ ነበሩ። በኩሽናው ማጠቢያ ውስጥ የምግብ መፍጫ አለ ወይ፣ ምን ያህል እንግዳ ይመጣል፣ መኪና የት ይቆማል ብለው ጠየቁ። ለሐበሻ ቤት እነዚህ ቀላል ጥያቄዎች አይደሉም። ጀበና በታጠበ ቁጥር ወደ ማጠቢያው የሚደፋው የቡና አተላ በቀላሉ አይበሰብስም፣ ታንኩ ግርጌ ይቀመጣል። ከድስት የሚታጠበው ንጥር ቅቤ ቀዝቅዞ ተንሳፋፊውን ንብርብር ያወፍራል። ክርስትና፣ ማኅበር ወይም ልቅሶ ሲሆን ብዙ ሰው በአንድ ቀን ሽንት ቤቱን ይጠቀማል፣ ሳህኑ ያለማቋረጥ ይታጠባል፤ በአንድ ጊዜ የሚገባው ብዙ ውሃ ደግሞ ዝቃጩን አናውጦ ወደ ሜዳው ይገፋዋል። በዚያ ላይ መንገዱ ሲሞላ እንግዳው መኪናውን ሣሩ ላይ፣ ማለትም በቱቦዎቹ ላይ ያቆማል። እኛ ከዚያ ወዲህ አተላውን ወደ ቆሻሻ መጣያ፣ ቅቤውን በወረቀት ጠርጎ ወደዚያው፣ ልብስ ማጠብን ከድግስ ቀን ውጭ አድርገናል፤ በሜዳው ዳርም መኪና እንዳይገባ ትላልቅ የአበባ ማሰሮዎች ደርድረናል። እርሾ ወይም ከሱቅ የሚገዛ ዱቄት ታንኩ ውስጥ ጨምሩ የሚለውን ምክር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ፤ ባክቴሪያው ከፍሳሹ ጋር በበቂ ስለሚገባ አያስፈልግም።

ስለ ወጪው ረዘም ያለ ሐተታ አያሻም። ያው የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ የሚደረግ እንክብካቤ ከ250 እስከ 500 ዶላር፣ የተበላሸ መደበኛ ሥርዓት መጠገን ወይም መተካት ግን ከ5,000 እስከ 15,000 ዶላር እንደሚደርስ ይገልጻል፤ ፍተሻውም ቢያንስ በየ3 ዓመቱ፣ ፓምፕና የኤሌክትሪክ ክፍል ላላቸው ሥርዓቶች ደግሞ በየዓመቱ እንዲደረግ ይመክራል። በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ ባሉ የቨርጂኒያ ካውንቲዎች፣ ስታፎርድና ፌርፋክስን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣውን የባሕረ ሰላጤው ጥበቃ ሕግ ተከትሎ ታንክ በየ5 ዓመቱ መመጠጥ ግዴታ ነው። ደንቡ ካውንቲዎች ከመምጠጥ ይልቅ ፈቃድ ያለው ባለሙያ መርምሮ መምጠጥ አያስፈልግም ብሎ የሚሰጠውን ማረጋገጫ እንዲቀበሉም ይፈቅዳል።

የመምጠጫ ጊዜው ሲደርስ መኪናው ሰው በሌለበት መጥቶ እንዲሄድ አታድርጉ። ሠራተኞቹ በትንሹ የመመልከቻ ቀዳዳ ሳይሆን በዋናው ክዳን በኩል እንዲመጥጡ፣ ከመጀመራቸው በፊት የፈሳሹን ከፍታ፣ ታንኩ ባዶ ከሆነ በኋላም የመግቢያና የመውጫ መከለያዎቹን ፎቶ እንዲያነሱላችሁ ጠይቋቸው። ፎቶዎቹን ከካውንቲው ፈቃድና ከፍተሻው ሪፖርት ጋር በአንድ ፋይል ያዙ፤ ቤቱን በምትሸጡበት ጊዜ የሚመጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።