የእናቴ የላቦራቶሪ ወረቀት

ዛሬ ከሥራ ወጥቼ አራት ኪሎ እናቴ ቤት ስደርስ ጋቢዋን ተከናንባ ተኝታ አገኘኋት። ትኩሳትና ራስ ምታት ቢያስቸግራት ለእኔ ሳትነግረኝ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ኖሮ፣ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብሽ አሉኝ» ብላ የላቦራቶሪውን ወረቀት ሰጠችኝ። ኦ 1፡160፣ ኤች 1፡160፣ ኦኤክስ-19 ደግሞ 1፡80 ይላል፤ ኦ እና ኤች የታይፎይዱ፣ ኦኤክስ-19 የታይፈሱ ምርመራ ነው፣ ቁጥሮቹም የደሙ ሴረም ስንት እጥፍ ቀጥኖ እንኳ ምላሽ እንደሰጠ ያሳያሉ።

በላቦራቶሪ ባለሙያነቴ እንዲህ ባለ ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ እንደፈረምሁ አላውቅም፤ የእናቴ ስም ተጽፎበት ሳየው ግን ምን ያህሉን አምኜበት እንደፈረምሁ ራሴን ጠየቅሁ። የታይፎይዱ ምርመራ፣ ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ ባክቴሪያውን ራሱን አይፈልግም፤ ሰውነት ሊከላከለው ያመረተውን አንቲቦዲ እንጂ። አንቲቦዲው ደግሞ ከቀድሞ ሕመም የቀረ፣ ወይም በሌላ የሳልሞኔላ ዝርያ፣ አልፎ ተርፎም በወባ ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል። ደንቡ ከሳምንት በኋላ ሁለተኛ ደም ወስዶ መጠኑ በአራት እጥፍ መጨመሩን ማየት ነበር፤ ትኩሳት ይዞት ሳምንት የሚጠብቅ በሽተኛም፣ ጠብቅ የሚል ክሊኒክም ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

«ታዲያ አለብኝ ወይስ የለብኝም?» ስትለኝ ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባው ላይ ሒሳብ ሠራሁላት። ትኩሳት ካላቸው 1,000 ሰዎች መካከል በእርግጥ ታይፎይድ የያዛቸው 10 ናቸው እንበል፤ ምርመራውም ከያዛቸው 80 በመቶውን የሚያገኝ፣ ካልያዛቸው 80 በመቶውን ነፃ የሚል ይሁን። ከ10ሩ 8ቱን ያገኛል፤ ከቀሩት 990 ግን (ከታይፎይድ ነፃ ናቸው እንጂ ትኩሳቱማ አለባቸው) 198ቱን አለባችሁ ይላል። እንግዲህ «አለብህ» የሚል ወረቀት ከያዙት 206 ሰዎች እውነተኞቹ 8 ብቻ ናቸው፤ ከመቶ አራት እንኳ አይሞሉም። ያው ምርመራ ከሁለት ሰው አንዱ በታመመበት ወረርሽኝ ውስጥ ቢሠራ ኖሮ፣ ከአምስት «አለብህ» አራቱ እውነት በሆኑ ነበር።

በትዕግሥት ሰማችኝና፣ «እኔስ ከ8ቱ ነኝ ከ198ቱ?» አለችኝ።

ወረቀቱ ይህን አይናገርም። የተሻለ መልስ ያለው የደም ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ የሚፈልገው ምርመራ ነው፤ እሱም ቀናት ይፈጃል፣ ከታመሙትም የሚያገኘው ግማሽ ያህሉን ነው፤ አንቲባዮቲክ ከተጀመረ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ነገ በጠዋት ይዣት ልሂድ ብዬ ስነሳ ኮመዲኖው ላይ ያለው ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ ማሸጊያ ዓይኔ ገባ፤ አራት ፍሬ ጎድሏል።