ጠረጴዛ ልገዛ ወጥቼ ፖለቲካ ስመረምር ከረምኩ

ነገሩ የጀመረው በእድራችን ስብሰባ ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችው አዳራሻችን ያሉት ተጣጣፊ የፕላስቲክ ጠረጴዛዎች እግራቸው እየከዳ አስቸገረን። ደህና የእንጨት ጠረጴዛ ከ12 ወንበር ጋር እንግዛ ተባለ። ገንዘብ ያዣችን እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አሚሾች፣ ማለትም በድሮው አኗኗር የሚኖሩ የክርስቲያን ማኅበረሰብ፣ የሚሠሩትን ዕቃ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ አገኘች። ዋጋው ይቻላል፣ እንጨቱ ድፍን ኦክ ነው። ሁሉም ተስማማ። ከዚያ አንድ ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

«ሱቁ ግን የማን ነው?»

ይህቺን ጥያቄ እናውቃታለን። ምግብ ቤት ስንመርጥ እንኳ ከክትፎው በፊት የባለቤቱን ወገን የምናጣራ ሰዎች ነን። ጋሼ ግን የፈሩት የአሜሪካኑን ፖለቲካ ነው። «ግማሹ አባል ከአንዱ ፓርቲ፣ ግማሹ ከሌላው ነው። ነገ ባለሱቁ የአንዱ ደጋፊ ሆኖ ቢገኝ በጠረጴዛ ምክንያት ልንጣላ ነው» አሉ። ሌላው ተነሥቶ እድሩ ከግብር ነፃ የሆነበትን ፈቃድ ያጣል አለ። ይሄኛው ስህተት ነው። ከ1954 ጀምሮ ያለው ክልከላ 501 ሲ 3 የሚባለው፣ ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጊ ድርጅት ራሱ በዕጩዎች ቅስቀሳ ውስጥ እንዳይገባ ነው። ወንበር ከማን እንደገዛ የሚጠይቅ የለም። ግን ማን ይስማኝ! «አንተ ኮምፒውተር ትችላለህ፣ አጣራና ንገረን» ተባልኩ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት አሚሾቹን መመርመር በመጀመሬ ነው። ሦስት ምሽት አነበብኩ፤ አልቆጭም። በ1693 አካባቢ ስዊዘርላንድና አልሳስ ውስጥ ያዕቆብ አማን የሚባል ሰው ተከትለው ከሌሎች አናባፕቲስቶች (ሕፃን ሳይሆን አዋቂን ከሚያጠምቁ ክርስቲያኖች) የተለዩ ናቸው። ጦር አያነሡም፣ አይምሉም፣ አብዛኞቹ ድምፅ አይሰጡም። ፖለቲከኞች ግን አይተዋቸውም። ፔንሲልቬንያ በጥቂት ድምፅ የምትወሰን ግዛት ስለሆነች በ2004 ጆርጅ ቡሽ ራሳቸው ላንካስተር ካውንቲ ሄደው ከአሚሾች ጋር ተገናኝተዋል።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ነው የሱቁ ባለቤት አሚሽ አለመሆናቸው የገባኝ። እንዲህ ያሉ ብዙ ሱቆች ትእዛዝ ተቀባይ ናቸው። ሥራው የሚሠራው ላንካስተር ወይም ኦሃዮ ባሉ ትንንሽ የአሚሽ አናጺ ቤቶች ነው። እነዚያ ከመብራት ኃይል መስመር አይቀጥሉም፤ መጋዛቸውን በናፍጣ ሞተር በሚመጣ የአየር ወይም የዘይት ግፊት ያንቀሳቅሱታል። አሚሾች ከእነሱ ውጭ ያለውን ሰው ሁሉ «እንግሊዝ» ይላሉ። እኔም እንግሊዝ ነኝ ማለት ነው። እናቴ ብትሰማ!

ስለዚህ ወደ ሱቁ ባለቤት ዞርኩ። ኮርፖሬሽን ለፌዴራል ዕጩ በቀጥታ ገንዘብ እንዳይሰጥ ከ1907 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የሚፈለገው እንግዲህ የሰው ስም ነው። ስማቸውን ከግዛቱ የንግድ መዝገብ አገኘሁ። ከዚያ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ማንም በነፃ የሚያየው መዝገብ ነው። ለአንድ ዘመቻ ከ200 ዶላር በላይ ያዋጣ ሰው ስሙ፣ ከተማው፣ ሥራውና አሠሪው ይወጣል። አክትብሉ ወይም ዊንሬድ በሚባሉት፣ ለዴሞክራቶችና ለሪፐብሊካኖች በኢንተርኔት መዋጮ በሚሰበስቡት ድርጅቶች በኩል የሰጠ ከሆነ ደግሞ እነሱ እያንዳንዷን መዋጮ ስለሚያስመዘግቡ አምስት ዶላሩም ትታያለች።

ስሙን ስጽፍ መዓት መዋጮ ተዘረገፈ፤ ሁሉም ለአንድ ፓርቲ። ልቤ ዘለለ። ለጋሼ ልደውል ስልኬን አነሣሁ። ደግነቱ ሥራና አሠሪ የሚለውን ዓምድ አየሁት፤ ገንዘቡን የሰጡት ሰው የጥርስ ሐኪም ናቸው፣ ያውም በሌላ ግዛት የሚኖሩ። የሴትየዋ የቤተሰብ ስም በላንካስተር በኩል እንደ እኛ «ከበደ» ነው፤ ድንጋይ ብትወረውር አንዱን ትመታለህ። ከተማውንና አሠሪውን ሳላይ ደውዬ ቢሆን ኖሮ አንዲት ምስኪን ባለሱቅ በማታውቀው መዋጮ በእኛ እድር ተፈርዶባት ነበር። የእኛዋ ሴትዮ ስም ያለበት አንድም መዋጮ አላገኘሁም።

ቀጥሎ የሱቁን ድረ ገጽ የድሮ ገጾች በዌይባክ ማሽን፣ የድሮ ድረ ገጾችን በሚያስቀምጠው ማኅደር፣ ከፈትኩ። የ2016ን፣ የ2020ንና የ2024ን የምርጫ ወራት። አብዛኛው የቁም ሣጥን ቅናሽ ነው። 2020 ላይ «እባክዎ ማስክ ያድርጉ» ይላል፤ «ወደ ግራ»፣ ማለትም ወደ ዴሞክራቶች፣ ብዬ ጻፍኩ። ስለ እኛ በሚለው ገጽ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ አለ፤ «ወደ ቀኝ»፣ ወደ ሪፐብሊካኖች፣ ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ሳነበው አፈርኩ። በዚያን ጊዜ ሜሪላንድ ውስጥ ሱቅ የሚገባ ሁሉ ማስክ እንዲያደርግ ያዘዙት ገዥ ላሪ ሆጋን ሪፐብሊካን ናቸው። ጥቅስማ የኛም እድር ደብዳቤ አናት ላይ አለ። የመዘገብኩት የሱቁን አቋም ሳይሆን የራሴን ግምት ነበር። ሁለቱንም ሰረዝኩ። በሩ ላይ ያለውን የአሜሪካ ባንዲራም ተውኩት፤ ባንዲራ የፓርቲ አይደለም።

በመጨረሻ በአካል ሄድኩ። መጀመሪያውኑ መሄድ ነበረብኝ። ሴትየዋ ወደ ስልሳ ይሆናቸዋል። ዙሪያውን አየሁ፤ የዕጩ ፖስተር የለም። እየተንተባተብኩ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም። የሁለቱም ፓርቲ ሰዎች የቅስቀሳ ምልክት እንትከል ብለው እንደጠየቋቸውና ሁለቱንም እንደመለሱ ነገሩኝ። «ድምፄን እሰጣለሁ፤ ለማን እንደሆነ ባለቤቴም አያውቅም» አሉና ሳቁ።

ለስብሰባው «ገለልተኛ ነው» ብዬ አላቀረብኩም። «እነዚህን ቦታዎች ፈልጌ ወገንተኝነት አላገኘሁም» አልኩ።

ጋሼ አለፉኝ? «አላገኘሁም ማለት የለም ማለት ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ሰው በልቡ የያዘውን ግን የእኛን አባላትም አልመረመርኩም።»

ትንሽ ዝም አሉና «ግዙ» አሉ።

ትእዛዙን ልፈርም ስሄድ ሴትየዋ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። ወደ አዳራሻችሁ የሚወስደው ደረጃ ስፋቱ ስንት ነው? መታጠፊያ አለው? ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰው ፖለቲካ ስለካ ደረጃውን አልለካሁም። ለጋሼ ደወልኩ። ሜትር ይዘው ሄዱ። እየተነፈሱ ከደረጃው ላይ መልሰው ደወሉ፤ «31 ኢንች፣ መታጠፊያውም ጠባብ ነው» አሉ። ረጅሙ ጠረጴዛ አይዞርም። ሁለት አጫጭር አዘዝን። 14 ሳምንት ጠብቁ ተባልን።