ብድሩ ቢበላሽ ኪሳራው የማን ነው?

መንግሥታት ለአነስተኛ ንግድ የሚሰጡት ድጋፍ ሲነጻጸር ክርክሩ ሁሉ በበጀቱ መጠን ላይ ይሆናል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው፣ ተበዳሪው መክፈል ቢያቅተው ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) ያቋቋመችው የአነስተኛ ንግድ አስተዳደር በዋናው የብድር ፕሮግራሙ ገንዘብ አያበድርም፤ ለሚያበድረው ባንክ ዋስ ይሆናል። ዋስትናው እስከ 150,000 ዶላር ለሆነ ብድር እስከ 85 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሆነው በአብዛኛው እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። 100,000 ዶላር የተበደረ ነጋዴ 60,000 ሳይከፍል ቢቀርና ከመያዣው ምንም ባይገኝ፣ መንግሥት 51,000 ይሸፍናል፤ 9,000ው የባንኩ ኪሳራ ነው። ባንኩ የተበዳሪውን ሒሳብ አገላብጦ እንዲመረምር የምታስገድደው ያቺ 9,000 ናት። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ዋስትናው ለባንኩ እንጂ ለነጋዴው አለመሆኑን ነው። 20 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ያላቸው ባለቤቶች በግላቸው ዋስ ሆነው ስለሚፈርሙ፣ መንግሥት ለባንኩ ከከፈለ በኋላም ዕዳው ይከተላቸዋል።

ጃፓን ለረጅም ዘመን ለብዙ ብድሮች የ100 በመቶ ዋስትና ትሰጥ ነበር። የሚያጣው ነገር የሌለው ባንክ ምን ብሎ ይመረምራል? በ2007 ባንኮች በመርህ ደረጃ 20 በመቶውን እንዲሸከሙ ተደረገ።

ቅይጥ ኢኮኖሚ የምትከተለው ሕንድ ከ1967 ጀምሮ የተወሰኑ ምርቶችን ለአነስተኛ አምራቾች ብቻ ከለለች። ችግሩ ያለው ከጣሪያው ላይ ነው፤ ማሽን ጨምሮ ከተፈቀደው የካፒታል ልክ ያለፈ አምራች ከለላውን ያጣል። ስለዚህ ማደግ ራሱ ቅጣት ሆነ። የመጨረሻዎቹ 20 ምርቶች ከዝርዝሩ የወጡት በ2015 ነው።

በዕዝ ኢኮኖሚ ደግሞ ትልቁ ድጋፍ ፈቃዱ ራሱ ነው። ኩባ በ2021 እስከ 100 ሠራተኛ ያላቸው የግል ድርጅቶች እንዲቋቋሙ ፈቀደች፤ ዕቃ ከውጭ ለማስገባት ግን በመንግሥት ኩባንያ በኩል ማለፍ ግድ ሆነ። ጥሬ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ በሌላው እጅ ባሉበት ፈቃዱ ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል።

ከብድሩ ይልቅ ቸል የሚባለው የክፍያ መዘግየት ነው። አትራፊ ድርጅት እንኳ የሸጠበት ገንዘብ በጊዜ ካልገባ ደመወዝ መክፈል ያቅተዋል። የአውሮፓ ኅብረት የ2011 መመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በመደበኛው በ30 ቀን እንዲከፍሉ፣ ያዘገየም ወለድ እንዲጨምር ያዛል። ነገር ግን ትንሹ ሻጭ ደንበኛውን እንዳያጣ ፈርቶ ወለዱን አይጠይቅም። ሕንድ ከ2024 ጀምሮ ያመጣችው ዘዴ ይህን ፍርሃት ያልፈዋል፦ ለተመዘገበ አነስተኛ አምራች በጊዜው (ውል ካለ ቢበዛ በ45 ቀን) ያልከፈለ ገዢ፣ ገንዘቡን በእርግጥ እስኪከፍል ድረስ ወጪውን ግብር ከሚከፈልበት ገቢው ላይ አያስቀንስም። ሻጩ መክሰስም መለመንም አይጠበቅበትም፤ መመዝገብ ግን አለበት።