ጤፍ በፍሬ
ዛሬ ቢሮ አዲሱ ልጅ "ዲስኩ ሞላ፣ ሌላ ይገዛልን" ብሎ መጣ። የላይዳር (መሬቱን በሌዘር ነጥብ በነጥብ የሚለካ መሣሪያ) ዳታ ነው፣ ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ እያንዳንዷን ነጥብ ለብቻዋ አንድ ረድፍ አድርጎ ጭኗታል። ወንድሜ፣ ለእያንዳንዱ ረድፍ እኮ የራሱ ሄደር (ዳታቤዙ ስለ ረድፉ የሚይዘው መረጃ) ብቻ ወደ 24 ባይት ይበላል፣ ኤክስ ዋይ ዜዱ (የነጥቧ ቦታና ከፍታ) ራሱ በደብል (ባለ 8 ባይት ቁጥር) 24 ነው፣ ጤፍን ፍሬ በፍሬ በፌስታል አስሮ እንደመሸጥ ነው አልኩት፣ ሳቀ።

ፒጂፖይንትክላውድን (ለእንዲህ ያለ የነጥብ ዳታ የተሰራ የፖስትግሬስ ተጨማሪ) ጫንንና ጎረቤት ነጥቦችን 400 400 እያደረግን በፓች (በአንድ ረድፍ በሚቀመጥ ጥቅል) አስገባናቸው። ደስ ያለኝ አንዱን ፓች ከፍተን ስናየው ነው፤ አዲስ አበባ ስለሆነ የኤክሱ ቁጥር በሙሉ 473 ሺህ ምናምን ሜትር፣ ክላሲፊኬሽኑ (የነጥቧ ዓይነት) ደግሞ 2፣ 2፣ 2፣ 2... እስከታች (2 መሬት ማለት ነው)። ኮምፕሬሽኑ (ዳታውን የሚያሳንሰው) የሚበላው ይህንን ነው፣ ኤክሱን ለብቻ ክላሲፊኬሽኑን ለብቻ ደርድሮ የሚደጋገመውን አንዴ ይጽፈዋል። ደብሉም ቀርቶ በሴንቲሜትር ባለ 4 ባይት ኢንቲጀር ሆነ፣ ከሴንቲሜትር በታቹንማ ማን አምኖት!

"አንዷን ነጥብ ብቻ ብፈልግስ?" አለኝ። ፓቹን ሙሉ ትፈታለህ፣ ግን ማነው አንድ ነጥብ የሚጠይቀው? ሰው የሚጠይቀው ሰፈር ነው፣ ኢንዴክሱም (የፍለጋ ማውጫው) የሚሰራው በፓቹ ዙሪያ ነው።

ስንቱ ቢሮ ይሆን ተደጋጋሚ ነገር ለማከማቸት ዲስክ የሚገዛው? ልጁ አሁን የመኪኖቹን ጂፒኤስ ዳታም ልሞክርበት እያለ ነው።