ሹፌሩን ያስኮረፈው ፔፐር

«ፔፐሬ አልቋል። አንዴ ዓይንህን ጣል አድርግበትና ዛሬ ማታ ልላከው» አለኝ የዲፓርትመንት ባልደረባዬ። ሰው እንዲህ ሲል የሚፈልገው ምርቃት እንጂ አስተያየት አይደለም። ግን ማኪያቶውን ከፍሎልኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥናቱ ስለ እናቶች የእርግዝና ክትትል ነው። ርእሱ ጥሩ ነው፤ ዳታውም የተለፋበት ነው። ቀኖቹ ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። መረጃው የተሰበሰበው «ማርች 2014» ይላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ የሰጠው ደግሞ «ጃንዋሪ 2022»። አንዱ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ለእኔና ለእሱ ይገባናል። ጆርናሉ ጥናቱን እንዲገመግም የሚሰጠው ሰው፣ ሪቪወሩ፣ ፈረንጅ ከሆነ ግን ጉድ ፈላ። ሰውዬው መረጃውን ሰብስቦ፣ ስምንት ዓመት ሊሞላው ሲል ፈቃድ የጠየቀ ነው የሚመስለው።

ወረድ ስል ባሰ። ቃለ መጠይቁ የተደረገው «ከ3:00 እስከ 5:00 ኤኤም» ነው ይላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው፣ ምስኪን! በፈረንጅ ሰዓት ሲነበብ ግን መረጃ ሰብሳቢዎቹ ልጆች በውድቅት ሌሊት የነፍሰ ጡር በር ሲያንኳኩ ነው የሚታየው። ኮመንት ጻፍኩበት፦ «እነዚህን ልጆች ውሻ አልበላቸውም?»

ኮመንቶቹን በአማርኛ ነው የጻፍኩት። ጓደኛን በእንግሊዝኛ መተቸት አያረካም።

ከዚያ ጥናት ሲጻፍ ምን ምን መካተት እንዳለበት የሚዘረዝረውን፣ ስትሮብ የሚባለውን ቼክሊስት አወጣሁ። በ2007 የወጣ ነው፤ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ጥናቶች የተዘጋጀ ሲሆን 22 ነጥቦች አሉት። «22? መንጃ ፈቃድ ሳወጣ እንኳን ይህን ያህል አልተጠየቅኩም!» አለ ጓደኛዬ። የናሙናው ብዛት የዘዴ ክፍሉ ላይ 422 ነው። (ከተለመደው የናሙና ቀመር የሚወጣው 384 ላይ፣ መልስ ለማይሰጡት 10 ከመቶ ጨምሮ እዚህ ቁጥር ያልደረሰ የጤና ተመራቂ እስካሁን አልገጠመኝም።) ሠንጠረዡ ላይ ደግሞ 419 ሆኗል። ሦስቱ እናቶች የት ገቡ? አንድ መስመር እንኳን የለም። ድምዳሜው የጤና ጣቢያው ርቀት እናቶቹን «አስቀርቷቸዋል» ይላል። አንዴ ብቻ ተጠይቆ በተሰበሰበ መረጃ ግንኙነት ይታያል እንጂ ጥፋተኛ አይለይም።

የደራሲዎቹ ስም ላይ ነው ነገር የመጣው። ስድስት ናቸው። ሁለተኛው የዲፓርትመንት ኃላፊያችን፣ ስድስተኛው የፒክአፑ ሹፌር። «መኪናው ባይኖር ዳታው ይመጣ ነበር?» ብሎ አፈጠጠብኝ። የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ደራሲ ለመባል 4 መስፈርቶችን አስቀምጧል፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። ሥራው ላይ ቁም ነገር ያለው ድርሻ፣ መጻፍ ወይም በደንብ ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። መኪና መንዳት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ምስጋና የሚባለው ክፍል ታዲያ ለምንድን ነው? ስለዚህ «ሹፌሩ እዚህ ምን ይሠራል?» ብዬ ጻፍኩ። ኃላፊው ስም ላይ ደግሞ «እኚህስ? ሹፌሩ ቢያንስ መስክ ወጥቷል።»

ጓደኛዬ የዚያኑ ማታ ላከው። ከነኮመንቱ።

ጆርናሉ በእንግሊዝኛ ይታተም እንጂ ያገር ቤት ነው። ኤዲተሩ አማርኛ ያነባል፤ እንዲያውም ሳይስቅ አልቀረም። «ወደ ግምገማ ከመግባቱ በፊት ዳር ላይ የተነሱት ነጥቦች ይስተካከሉ» ብሎ ፋይሉን አያይዞ መለሰው። ሲስተሙ ደግሞ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ ለሁሉም ደራሲዎች ያደርሳል። ለስድስቱም።

በማግስቱ ኃላፊው ቢሮ ተጠራሁ። ስሜ ከነአባቴ እያንዳንዱ ኮመንት አናት ላይ ስላለ መካድ አይታሰብም። ስልካቸውን ከፍተው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ሹፌሩ ቢያንስ መስክ ወጥቷል?» አሉ። እኔም ግራ ገብቶኝ «አዎ፣ ወጥቷል» አልኩ። ከዚያ በኋላ የተባባልነው ለዚህ ጽሑፍ አይሆንም።

ሹፌሩ ግን የምር አኮረፈኝ። ኢሜይል እንኳን አልነበረውም፤ ጓደኛዬ ነው ለዚሁ ጉዳይ ሲል የከፈተለት። የመጀመሪያው የደረሰው መልእክት የእኔ ኮመንት ሆነ። ግቢ ውስጥ ስንገናኝ ሰላምታውን ሳይመልስ፣ «ውሻውን ያባረርኩት እኔ ነኝ» ብሎኝ አለፈ። ለካ ውሻም ነበር።

ኤዲተሩ ደግሞ ሰሞኑን ለእኔው ጻፈልኝ። ሪቪወር አጥተው እንደተቸገሩ ነገረኝና ሁለት ፔፐር ላከልኝ። ክፍያ የለውም። ከፍቼ አየኋቸው፤ የሁለቱም ናሙና 422 ነው።